አራት ሺህ ጊዜ ያልሄደችበት አድራሻ

እትዬ ፋይል በሃያ ስድስት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራዋ አንድም የማስጠንቀቂያ ወረቀት ደርሷት አያውቅም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የበሩ ጥበቃ «እትዬ፣ ሰሌዳው ላይ ወጥተዋል» ሲላት የጡረተኞች ዝርዝር መሰላት።

«ምነው፣ ገና ሦስት ዓመት ይቀረኝ የለም እንዴ? ለመሸኘት እንዲህ ቸኮላችሁ?» ብላ ቀለደች።

ጥበቃው አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

የማስታወቂያ ሰሌዳው ደረጃው ሥር ነው፤ የሚወጣም የሚወርድም ሳያየው አያልፍም። መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀረበች። «የመሥሪያ ቤቱን ኢንተርኔት ከሥራ ውጭ ለሆኑ ድረ ገጾች ያዋሉ ሠራተኞች» ይላል ርእሱ። ከሥሩ ሰባት ስም ተደርድሯል፤ የእሷ ሦስተኛ ነው። «የተጎበኘው ድረ ገጽ» በሚለው ዓምድ ላይ፣ ከስሟ ትይዩ፣ በላቲን ፊደል «ፍቅር-2» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ «በአንድ ወር 4,112 ጊዜ»።

ሁለቴ አነበበችው። ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማች። ዘወር ስትል ሁሉም በድንገት የሚቸኩልበት ጉዳይ ያገኘ ይመስል ደረጃውን ሽቅብ ተያያዘው።

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቿ የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል። «እትዬ ፋይል» የሚለውን ቅጽል ያወጡላት ለፌዝ አልነበረም። ምድር ቤት ያሉት ሦስት ክፍሎች፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩት የብረት መደርደሪያዎች፣ እያንዳንዱ ቦክስ ፋይል ከነቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ሰው መጥቶ «እትዬ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ያስገባሁት ማመልከቻ…» ብሎ ሳይጨርስ እሷ መሰላሏን ይዛ ተነሥታለች። አለቃ ተቆጥቶ ሲመጣም አትደነግጥም። አስጨርሳው «ልክ ነዎት፤ የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነበር?» ትለዋለች። ብዙውን ጊዜ ቁጣው እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚያ ቀን ግን ወደ መዝገብ ቤቱ የመጣው ሰው ሁሉ ዓይኑ ሌላ ነበር። ከግዢ ክፍል የመጣ አንዱ ፋይሉን ተቀብሎ ሲወጣ «እትዬ፣ ፍቅር እንዴት ነው?» አላት። ፊቷ ጋለ። የያዘችውን ፋይል ወደ ቦታው መለሰችና የመዝገብ ቤቱን በር ቆለፈች። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የሰው ኃይል ክፍል ወጣች።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ አዘጋጅታ ትጠብቃት ነበር። አጠገቧ «ሲስተም» የሚሉት የአይቲ ክፍል ኃላፊ ላፕቶፑን ታቅፎ ተቀምጧል። ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፤ በየስብሰባው «በሲስተም እናየዋለን» ሳይል ስለማይወጣ ስሙን እሱው ራሱ አወጣው ማለት ይቻላል።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከፋይልዎ ጋር ይያያዛል፤ በቃ ያልቃል» አለች ኃላፊዋ፣ እንደ ማባበል እያደረጋት።

«ምኑን ነው የምፈርመው?»

«ድረ ገጹን መጎብኘትዎን።»

እትዬ ፋይል ወደ ሲስተም ዞረች። «እስቲ ክፈትልኝ፤ ምን እንደሚመስል ልየው።»

«አይከፈትም» አለ ሲስተም። «በስልኬ ሞክሬዋለሁ። ስውር ገጽ ነው ማለት ነው።»

«አንተ በሩን እንኳ ያላገኘኸው ቤት እኔ አራት ሺህ ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ?»

«ዝርዝሩ ያሳያል፣ እትዬ። ማሽን አይዋሽም።»

«ማሽን አይዋሽም፤ ሰው ግን ያላነበበውን አነበብኩ ይላል።» እስክሪብቶውን አንሥታ ኃላፊዋ ፊት አስቀመጠችው። «በሥራ ሰዓት ብናካፍለው በየሦስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ማለት ነው። ለመሆኑ ሽንት ቤት የሄድኩት መቼ ነው? አልፈርምም።»

«ካልፈረሙ እኮ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል። ከማስጠንቀቂያ ያለፈ ሊመጣ ይችላል።»

«ይምጣ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሟ መጣ። የአውቶብስ ተቆጣጣሪ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጋር ላለመጋጨት የኖረ ሰው ነው። ወሬው ሰፈር ድረስ ደርሶ ኖሮ ወንበሩን እንኳ ሳያመቻች ጀመረ።

«ፈርሚና ተገላገዪ። አንድ ወረቀት ነው። ሦስት ዓመት ቀርቶሽ ከመንግሥተ ሰማያት ደጃፍ ትመለሻለሽ?»

«ጋሼ፣ ብፈርም ሄጃለሁ ማለት ነው።»

«ማን ያስታውሰዋል?»

«ወረቀቱ ያስታውሳል። እኔ የወረቀት ሰው ነኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት የሞተ ሰው ፊርማ አውጥቼ የልጆቹን መብት ሳስከብር ኖሬያለሁ። ፊርማ ምን እንደሚያደርግ ለእኔ አትንገረኝ።»

«ግትርነትሽ ከአባታችን ነው» አለ ወንድሟ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«አዎ፤ አንተ ከእናታችን ወስደሃል። አንዳችን ደጋ አንዳችን ቆላ።»

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እሷ ግን ሰኞ ማለዳ ከሁሉ በፊት ቢሮ ገብታ በእጇ ማመልከቻ ጻፈች፦ የተከሰስኩበት ማስረጃ ሙሉው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ይሰጠኝ። ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተም መትታ፣ ገቢ መዝገብ ላይ አስፍራ በዚያው ሰዓት አደረሰችው። በሰው ኃይል ክፍል ያለው የደንብ ቅጂ ከእሷ መደርደሪያ የወጣ ስለሆነ፣ የትኛው አንቀጽ ይህን መብት እንደሚሰጣት ማንም ሊያስተምራት አይችልም። አራት ቀን አንገራገሩ። በአምስተኛው ቀን ሲስተም ራሱ ዘጠና ገጽ ወረቀት ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርገፍ አደረገው።

«ከኮምፒውተርዎ የወጣው ሁሉ ይኸው ነው። ከገባዎት።»

ከገባዎት ያለው ነገር ቆሽቷን አሳረራት። ማስመሪያዋን አወጣች፣ እርሳስ ቀረጸች፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።

ሁለት ቀን ፈጀባት። ኮምፒውተር አታውቅም፤ ዝርዝር ማንበብ ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ያየችው ሰዓቱን ነው። ፍቅር-2 በየአሥር ደቂቃው ተጽፏል፤ ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ቢሮው ተቆልፎ ጥበቃውና ድመቷ ብቻ በሚቀሩበት ሰዓትም። መብራት የጠፋባቸው ሰዓታት ብቻ ባዶ ናቸው። ቀጥሎ የዓመት ፈቃዷን ቀናት አየች። አሥር ቀን ሙሉ ልጇ ዘንድ፣ ሌላ ከተማ ነበረች፤ ፍቅር-2 ያኔም አልቀረም።

ሦስተኛው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ከነከናት። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች መስመሮች ረጃጅም ናቸው። ለምሳሌ በየቀኑ ገቢ ደብዳቤ የምትመዘግብበት ገጽ፣ መጀመሪያ «ኤችቲቲፒ» የሚሉት ፊደሎች፣ ከዚያ ሁለት ነጥብና ሁለት እዝባር፣ ከዚያ በነጥብ የተከፋፈለ ስም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ እዝባርና የገጹ ስም አለው። ፍቅር-2 ግን ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለውም። ራቁቱን ቆሟል።

«ይኼ ሌላ ነገር ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት ክፍል።

በምሳ ሰዓት ዘጠናውን ገጽ በፌስታል ይዛ ወጣች። ጋሽ ሽቦ ከሲስተም በፊት የነበረው ቴክኒሽያን ነው። የሕንፃውን የኔትወርክ ገመድ ከምድር እስከ ጣሪያ የዘረጋው እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪና ይጠግናል። ስትገባ አንዱን መኪና ገልብጦ ዘይት ያጠጣ ነበር። ወረቀቱን ሰጠችው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየው፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መስሏት ደነገጠች። ሰውየው እየሳቀ ነው።

«ኧረ ጉድ! እህቴ፣ ይህ እኮ ፕሪንተርሽ ነው!»

«ምን?»

«አጠገብሽ ያለው ፕሪንተር! ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ስም ያስፈልገዋል። እኔ ደግሞ ቁጥር ስለሚሰለቸኝ እንደየጠባያቸው ሰየምኳቸው። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቀርፋፋው ትዕግሥት ነው። ድምፁ የማይሰማው ሰላም። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ወረቀት አንዴ ካቀፉ አይለቁም፤ ፍቅር አንድና ፍቅር ሁለት አልኳቸው።»

እትዬ ፋይል ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «እኔ ስክሪን ላይ የሚታየኝ “የመዝገብ ቤት ፕሪንተር” የሚል ነው።»

«እሱ ላንቺ እንዲመችሽ የለጠፍኩት ነው። ከሥር ያለው የኔትወርክ ስሙ ግን ፍቅር-2 ነው። ኮምፒውተርሽ በየአሥር ደቂቃው “ፍቅር-2፣ አለህ ወይ?” ይለዋል። ያ ብቻ ነው። እስካልጠፋ ድረስ አንቺ ብትኖሪም ባትኖሪም ይጣራል።»

«ታዲያ ድረ ገጽ ነው ያሉት ለምንድን ነው?»

ጋሽ ሽቦ የዘይት ጣሳውን አስቀመጠ። «ስምና አድራሻ ስላምታቱ ነው። ስም “ማን ነው?” ላለ ሰው መልስ ነው። ከዚያ አያልፍም። የድረ ገጽ አድራሻ ግን ሦስት ነገር ይነግርሻል፦ በምን መንገድ እንደምትሄጂ፣ ማን ጋ እንደምትደርሺ፣ ደርሰሽ ደግሞ ምኑን እንደምታወጪ። መካከሉ ላይ የአንድ ማሽን ስም ሁልጊዜ አለ። አድራሻ ሁሉ ስም አለበት፤ ስም ሁሉ ግን አድራሻ አይደለም።»

ሳትጠየቅ ቀጠለችለት። «እኛ ጋ “መደርደሪያ ሰባት” ስም ነው። “ክፍል ሦስት፣ መደርደሪያ ሰባት፣ ፋይል ሁለት መቶ አራት፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ” ግን አድራሻ ነው። መደርደሪያ ሰባት አጠገብ ቆመሻል ተብሎ ገጽ አሥራ ዘጠኝን አንብበሻል አይባልም።»

«ይኸው! ያንን ሰውዬ አባርረው አንቺን ይሹሙሽ» አለ ጋሽ ሽቦ። «በመሥሪያ ቤቱ ገመድ ብሮውዘር ላይ ስሙን ቢጽፉት እኮ ፕሪንተሩ ራሱ ብቅ ይላል። ልምጣና ልመስክርልሽ?»

«አይሆንም። እነሱ ራሳቸው ይክፈቱት።»

ኮሚቴው በሚቀጥለው ረቡዕ ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ምክትል ኃላፊው ናቸው። ከሰባቱ ተከሳሾች አራቱ ቀድመው ፈርመዋል። ከእነሱ አንዷ ታይፒስቷ ናት፤ እሷም «ሰላም» የሚባል ቦታ ሦስት ሺህ ምናምን ጊዜ ሄደሻል ተብላ፣ ባሏ እንዳይሰማ ብላ እያለቀሰች ፈርማለች።

ሲስተም ዝርዝሩን አነበበ። ሰብሳቢው «ምን ይላሉ?» አሏት።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ድረ ገጽ ከእናንተ መካከል ያየው ማን ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አላየውም።

«እንግዲያው አሁን እንየው። በስልክ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር፣ በመሥሪያ ቤቱ ገመድ።»

«ተገቢ ያልሆነ ምስል ቢወጣስ?» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

«እኔ አራት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ እኮ፤ አንድ ጊዜ ብታዩት ምን ትሆናላችሁ?»

ሰብሳቢው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ሲስተም ላፕቶፑን በግድግዳው ገመድ አገናኝቶ ትልቁን ስክሪን አበራ። ብሮውዘሩን ከፍቶ ስሙን ጻፈ። አንድ ሁለት ሰከንድ ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ገጹ ወጣ። መሐሉ ላይ የአንድ ግራጫ ፕሪንተር ሥዕል አለ። ከጎኑ ደግሞ፦ ጥቁር ቀለም፣ ዘጠኝ በመቶ። ትሪ ሁለት፣ ባዶ። ወረቀት ተቀርቅሯል።

መጀመሪያ የሳቁት ሰብሳቢው ናቸው። ከዚያ ማን ይያዛቸው? እትዬ ፋይል ግን አልሳቀችም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ፕሪንተር… ነው» አለ ሲስተም። አንገቱ ድረስ ቀላ። ግን እጅ መስጠት አልወደደም። «ቢሆንም በብሮውዘር ስለተከፈተ ድረ ገጽ ነው ሊባል ይችላል።»

እትዬ ፋይል ከወንበሯ ተነሥታ ስክሪኑ አጠገብ ሄደች። ከላይ በኩል ያለውን መስመር በእርሳሷ ነካችው። «አንተ የጻፍከው ስም ብቻ ነው። ከፊቱ ያለውን ይህን ሁሉ የጨመረው ብሮውዘሩ ነው። አሁን አድራሻ ሆነ። ኮምፒውተሬ ስትጠራ ግን ስሙን ብቻ ነው የጠራችው፤ የአንተም ዝርዝር የያዘው ስሙን ብቻ ነው። እዚህ ዘጠና ገጽ ውስጥ ይህ ፊደል ከፍቅር-2 ፊት አንድ ቦታ እንኳ ካለ አሳየኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን ገፋችለት። አላነሣውም።

«የዕቃው ስም ፍቅር ባይሆን፣ “ማከማቻ-2” ቢባል ኖሮ ሰሌዳ ላይ ታወጣኝ ነበር?» አለች፣ መነጽሯን አውልቃ። «ባሏ የሞተባት ሴትና ፍቅር የሚል ቃል ስላያችሁ ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለጋችሁም።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ፣ ስሕተት ነው፤ ተሳስተናል። ነገሩ በቃል እዚህ ተዘግቷል። በሰላም ወደ ሥራዎ ይመለሱ።»

«በወረቀት ተለጥፎ በቃል አይነሣም።»

«እሺ፣ ደብዳቤ ይጻፍልዎታል።»

ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን መጣ። ቆማ አነበበችውና ለአምጪው መለሰችለት። የእሷ ስም ብቻ ነው ያለበት።

ሰብሳቢው ራሳቸው ምድር ቤት ወረዱ፤ በስንት ዓመታቸው። መደርደሪያዎቹን እያዩ «አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» አሏት።

«ስድስት ሰው።»

«አራቱ እኮ አምነው ፈርመዋል። የእነሱ ጉዳይ አልቋል።»

«ፈርተው ነው የፈረሙት፣ ጌታዬ። ታይፒስቷ “ሰላም” በሚባለው ፕሪንተር የእርስዎን ደብዳቤ ስታትም ነው የምትውለው። በእርስዎ ደብዳቤ ተከሰሰች ማለት ነው።»

«እርስዎ የራስዎን ተቀብለው ዝም ቢሉ አይሻልም?»

«ለማን?»

ሰብሳቢው ደረጃውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ከላይ አልጠራትም። የተባለው ሁሉ በጆሮዋ ይደርስ ነበር፤ ጥጋብ ነው ተባለ፣ በጡረታ ቀድማ ትሂድ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። እሷ በመሰላሏ ትወጣለች ትወርዳለች። ግን ብቻዋን አልነበረችም። መጀመሪያ ታይፒስቷ መጣች፣ በሩን ዘግታ። በሚቀጥለው ቀን ከሰባቱ አንዱ የሆነው ተላላኪ። ከዚያ ሌሎቹ። «እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልጻፍ?» ይሏታል። ሁሉንም አስቀምጣ በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ አደረገች፤ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችላቸውም። ስድስቱ ማመልከቻዎች ተከታታይ ቁጥር ይዘው በአንድ ቀን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ።

በአራተኛው ሳምንት አርብ ዕለት ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ሰባት ስም። የማሽን ስም የድረ ገጽ አድራሻ ተደርጎ በስሕተት መወሰዱን፣ የተሰጡት ማስጠንቀቂያዎች መሰረዛቸውንና መሥሪያ ቤቱ ይቅርታ መጠየቁን ይገልጻል። እትዬ ፋይል ዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ቁጥሩንም፣ ቀኑንም፣ ማኅተሙንም አየች። ከዚያ የእሷን ቅጂ ፈርማ ተቀበለች።

ሲስተም በዚያው ሳምንት መዝገብ ቤት መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። በሩ ላይ ቆሞ «ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ…» አለ።

«የኔ ልጅ፣ ጠየቅከኝ?»

ዓይኑን ወደ ፕሪንተሩ መለሰ። «ፕሪንተሩ ወረቀት ይዟል አሉኝ» አለ በመጨረሻ።

«ይዟል። ና፣ አውጣልን።»

ሸሚዙን ሰብስቦ ተንበረከከና ከማሽኑ ሆድ የተጨማደደውን ወረቀት ሲጎትት ዋለ። እሷ አልረዳችውም፤ ግን ሲጨርስ እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ሰጠችው።

በዓመቱ የሠራተኞች ተወካይ ምርጫ ሲደረግ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው የተመረጠችው እሷ ሆነች። ወንድሟ ሰምቶ «አሁን ደግሞ ከከሳሾች ጋር ተቀመጥሽ?» ብሎ ሳቀባት። በመጀመሪያው ስብሰባ የቀረበው የአንድ ሹፌር ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ መኪና ወስዷል ይላል ክሱ። አባላቱ ከምሳ በፊት ለመጨረስ ቸኩለው እጅ ሊያወጡ ሲሉ እትዬ ፋይል መነጽሯን አደረገችና ፋይሉን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቆዩ» አለች። «እስቲ ከመጀመሪያው ገጽ እናንብበው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ማነው?»